ሰው እንዳይሰማ

አብዱልፈታ ቀን ቀን ኤረር በር አጠገብ ጫማ ይሸጣል፤ ማታ ማታ ደግሞ የልጁን የሱመያን አማርኛ ንባብ ያዳምጣል። «ልጆቻችሁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ድምፅ እያሰሙ ያንብቡላችሁ» ያለችው የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ጽጌሬዳ ናት። እሱም ቃሏን አክብሯል። ጉዱ ያለው አከባበሩ ላይ ነው።

በልጅነቱ ቁርአን የቀራው ከኡስታዙ ፊት እየተወዛወዘ፣ በቃሉ እስኪወጣለት እየደጋገመ ነበር። አማርኛውን ግን ከሦስተኛ ክፍል አቋርጦት ዛሬም ፊደል በፊደል እየለቀመ ነው የሚያነበው። ይህንን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅበት የለም። ንባብ ማለት ለእሱ እንደ ውሃ የሚወርድ ነገር ነው፤ ሱመያ «ድ... መ... ቷ...» ስትል ጆሮው ይቃጠላል። ብድግ ይልና በሩን ይዘጋል።

«አትንተባተቢ፤ ጎረቤት ይሰማል» ይላታል።

ልጅቷ ብልህ ናት። የድመቷን ገጽ ታላቅ እህቷ ረሂማ እያነበበችላት በቃሏ ያዘችው። ከዚያ አባቷ ፊት እየተወዛወዘች አንበለበለችው። አብዱልፈታ «ማሻአላህ» ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ በማግስቱም ጫማ ሊለካ ለመጣው ሁሉ «የኔዋ ትልልቁን አስናቀች» እያለ አወራ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አብዱልፈታ ኮቱን ለብሶ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ጽጌሬዳ የሱመያ ተራ ሲደርስ ስለ ግመል የሚያወራውን ገጽ ከፈተችላት። ልጅቷ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቅላ፣ እየተወዛወዘች፣ የድመቷን ታሪክ አንበለበለችው። ወላጆች ሳቁ።

«ሱመያዬ፣ ገጹን እያየሽ። ቀስ ብለሽ ልቀሚው» አለች አስተማሪዋ።

ሱመያ አባቷን አየችው። «መልቀም ተከልክያለሁ» አለች።

አብዱልፈታ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። በልጁ ቢያፍር ይሻለው ነበር። የገዛ እፍረቱን ለአንዲት ፍሬ ልጅ አሸክሞ ከርሟል፤ እሷም ሳታጉረመርም ተሸክማለታለች። ጽጌሬዳ የልጅቷን ራስ ዳብሳ ወደ ሌላው ልጅ ማለፏ ደግሞ ይብስ አቃጠለው።

ማታ ከሱመያ አጠገብ ተቀመጠና መጽሐፉን ከእጇ ወሰደ።

«ዛሬ እኔ ላንብብልሽ» አላት። ላብ ላብ አለው። «ግ... መ... ሏ... ው... ው...»

መስመሩን ሳይጨርስ ሱመያ ተነሥታ ሄደችና በሩን ዘጋችው።

«ምነው?» አላት።

«ሰው እንዳይሰማ ብዬ ነው፣ አባ» አለች በሹክሹክታ።

አብዱልፈታ ተነሥቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ተመልሶም ካቆመበት መልቀሙን ቀጠለ። ጎረቤቱ ሙባረክ በደጅ ሲያልፍ ቆም ብሎ አደመጠ። አብዱልፈታ አየው፣ አፈረ፣ ግን አላቆመም። መስመሩን እንደምንም ጨርሶ መጽሐፉን ወደ ልጁ ገፋ አደረገው።

«አሁን ደግሞ አንቺ» አላት።

ሱመያ በሩን አየች፣ አባቷን አየች፤ ከዚያ ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ መልቀም ጀመረች።