የእትዬ ጠጅቱ በርጩማ

«የሚንሃ ቂጥ ወርቅ ነው፤ የእኛ በርጩማ ላይ አያርፍም።»

ስለ እኔ ይህን ይሉ የነበሩት ከስፌት ቤቴ አጠገብ በርበሬና ሽሮ ይሸጡ የነበሩት እትዬ ጠጅቱ ናቸው። ጠዋት ለጫማ ሰፊዎቹ፣ ቀትር ላይ ለደንበኛ፣ ወደ ማምሻው ታክሲ ለሚጠብቅ ሁሉ ይሉት ነበር። ሰበታ ደግሞ ወሬን ሦስቴ ከሰማች ራሷ እንደፈጠረችው አድርጋ ነው የምታወራው። እኔም አላስተባበልኩም። ኩሩ መባል ከሐፍረት ይሻላል። እውነቱ መቀመጥ አልቻልኩም ነበር።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ አሮጌ ልብስ እየተረተርኩ ስፌትን ለራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ማንንም ጠይቄ አላውቅም። የገበያውን ሽንት ቤት ቁልፍ እንኳ ከጫማ ሰፊዎቹ መጠየቅ ስለሚያሳፍረኝ ቀኑን ሙሉ ውሃ አልጠጣም፤ የመጣብኝንም አምቄ እውላለሁ። አንድ ቀን ድርቀቱ እንደ ምላጭ ቆረጠኝ። የታጠብኩበት ውሃ ቀላ። ኪንታሮት ነው አልኩ ለራሴ።

የዚያን ሰሞን የስፌት መኪናዬ ላይ የነበረው የእትዬ ጠጅቱ ልጅ፣ የሩቲ፣ የሰርግ ቀሚስ ነው። የሙሽራ ልብስ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ካማረ ሰበታ በሙሉ ያውቀኛል። የእግር መኪና ግን ቆመው አይሰፉበትም።

ቅጠል ቀማሚው ኦቦ ዲሪርሳ ዘንድ ሄድኩና ኪንታሮት ወጣብኝ አልኳቸው።

«የት ላይ ልጄ?»

አማርኛችን የእጁንም የመቀመጫውንም ኪንታሮት ብሎ ይጠራዋል። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና «እጄ ላይ» አልኩ። ልየው ቢሉኝ ሰው ፊት አፍራለሁ አልኳቸው፤ ይህኛው እንኳ ውሸት አልነበረም። የቁልቋል ወተት የገባበት ቅባት ሰጡኝ፤ ኪንታሮቱን ይበላዋል አሉ። የበላው ግን እኔን ነው።

እትዬ ጠጅቱ ቀሚሱን ሊያዩ በመጡ ቁጥር ያቺን በጨርቅ የተሸፈነች በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ታኢ፣ ቁጭ በይ እንጂ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። እኔ መቀስ ይዤ እቆማለሁ። አንድ ቀን በርጩማቸው ምን እንዳነሳት ጠየቁኝ።

«ለእኔ ታንሳለች፣ እትዬ» አልኳቸው።

ሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ጨርቁን ከነመርፌው ሰብስበው ለሌላ ሰፊ ሰጡት። እጅጌው ገና አልገባም ነበር።

የሚያውቀኝ እንዳይኖር ቡራዩ ድረስ ሄጄ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ተራዬ እስኪደርስ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሐኪሟ አየችኝና «ይሄ ኪንታሮት አይደለም፤ የፊንጢጣ ስንጥቅ ነው» አለች። እዚያ ቦታ ሁለት ክብ ጡንቻዎች አሉ፤ የውጭውን አንቺ ታዢዋለሽ፣ የውስጡ አይታዘዝሽም፤ ሲያመው ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ቁስሉም አይድንም ብላ አስረዳችኝ። ላስቲኩ ከልክ በላይ የጠበቀ ቀሚስ ስፌቱ ይተረተራል፤ ገባኝ። ውሃ ጠጪ፣ አታምቂ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀመጪ አለችኝ። ያቃጠለኝን ቅባት ማን ቀቢ እንዳለኝ ስትጠይቀኝ ግን የገዛ ራሴ ጥፋት ነው አልኳት። ኦቦ ዲሪርሳማ ምን አጠፉ? ለእጅ ነው የሰጡኝ።

በሁለት ወሩ ዳንኩ። እትዬ ጠጅቱ ግን ሩቲ ወዳገባችበት ወደ ሱሉልታ ሄደው ነበር፤ ሲሄዱ አልተሰናበቱኝም። ሱቃቸውን ለስፌት ቤቴ ማስፋፊያ ተከራየሁትና ስጠርግ ጥጉ ላይ በርጩማዋን አገኘኋት። ልጥላት አንስቼ ጨርቋን ብገልጥ መሃሏ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው በጥጥ ተደልድሏል፣ ጥጡም ከመቀመጥ ብዛት ጠፍጥፏል።

መደርደሪያ ሊመታልኝ የመጣው አናጺው ወንዲ አየኝና ሳቀ።

«እሷን እኔ ነኝ የበሳኋት። እትዬ ጠጅቱ ሩቲን ከወለዱ ጀምሮ ጠፍጣፋ ነገር ላይ መቀመጥ አይችሉም።»