እህቴን ያነሳሁ ዕለት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ታዲዮስ እባላለሁ። ድሮ «ፎቶ ማንሳት አውቃለሁ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ እስቅበት ነበር፤ አሁን ዝም እላለሁ። ታላቅ እህቴን የኔአለምን ያነሳኋት እኔ ነኝና።

ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ አዲስ ሌንስ አስመጥቼ ነበር። ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲከፈት የሰው ፊት ብቻ ጥርት ብሎ ይወጣና ከኋላ ያለው ሁሉ ሟሙቶ ይቀራል። ፊት ለፊቴ ያለው ፎቶ አንሺ ደንበኞቹን ሐይቅና ዘንባባ በተሳለበት ሸራ ፊት ገትሮ፣ ከጫማቸው ጀምሮ እስከ ዘንባባው ቅጠል ድረስ ሁሉንም እኩል አጥርቶ ያወጣቸዋል። «ይኼማ የንብረት ምዝገባ እንጂ ፎቶ አይደለም» እያልኩ ሰው ባለበት ቀልጄበታለሁ። ጉረኛ ነበርኩ፤ ምን ይደረግ።

የኔአለም የምትኖረው ቁይ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከራሷ አፍ ነጥቃ እያጎረሰች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልቧ ታሞ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና እንድታደርግ ሲታዘዝላት፣ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ቅዳሜ ጠዋት እኔ ዘንድ መጣች። ፎቶ የማትወድ ሴት ነበረች። ስልክ ሲነሳባት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ያላት ፎቶ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ጥፍር አክሎ ደብዝዟል።

«ዛሬስ አንሳኝ» አለችኝ። «ልጄ ዜማ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ምናልባት ከቀረሁ ፊቴን አታስታውሰውም። ዓይን ዓይኗን የማያት እንዲመስላት አድርገህ አንሳኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ምን ያሟርትሻል?» ብዬ ተቆጣኋት። ስፈራ መቆጣት ልማዴ ነው።

መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ብርሃኑ ግሩም ነበር። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ለማያውቅ ልንገር፤ ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ። እንዲያ ተከፍቶ ከቅርብ ሲያነሱበት የሚጠራው የሁለት ጣት ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይፈዛል። ተነሺው ትንሽ ጎንበስ ቢል እንኳ ዓይኑ ከዚያች ሁለት ጣት ይወጣል። ቀዳዳውን ጠበብ ባደርገው ኖሮ ፊቷ ሁሉ በጠራ ነበር፤ ግን ያኔ ከኋላዋ የተላላጠው ግድግዳዬ ሊታይ ነው። እሱን ጠላሁ።

ዓይኗ ላይ አነጣጠርኩና የካሜራውን ቁልፍ በግማሽ ተጭኜ ያዝኩ፤ ጣት እስካልተነሳ ድረስ የሚጠራው ቦታ እዚያው ተቆልፎ ይቆያል። ይኸኔ በሩ ተከፈተና መሪጌታ ወልደ ሚካኤል የመታወቂያ ፎቶ ሊነሱ ገቡ።

«ኖር!» ብላ የኔአለም ከበርጩማው ብድግ አለች።

«በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር! ተቀመጪ ልጄ» አሉ መሪጌታ።

ተቀመጠች። ጣቴን ከቁልፉ አላነሳሁም፤ ወደ ነበረችበት የተመለሰች መሰለኝና አነሳኋት። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፣ ሰው አላቋረጠም። አንዲት ሴት ገባች፣ ኖር። ሁለት ተማሪዎች ገቡ፣ ለእነሱም ኖር።

«እታለም፣ ለተማሪ ደግሞ ምን ያስነሳሻል?»

«ሰው አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

ትንፋሽ እያጠራት ለገባው ሁሉ ትነሳለች፤ ስትቀመጥም በአክብሮት ወደ ፊት ጎንበስ እንዳለች ትቀራለች። እኔ በየጊዜው እንደ አዲስ ማነጣጠር ነበረብኝ። ሰነፍኩ። ሰባት ጊዜ አነሳኋት፤ ከዚያ በካሜራዬ ትንሽ ስክሪን ላይ አየሁት። ግድግዳው ሟሙቶ ማር መስሏል። ዓይኗን አጉልቼ አላየሁም፤ ያየሁት ግድግዳውን ነው።

«ወጣሁ?» አለችኝ።

«አንደኛ!» አልኳት።

በማግስቱ ከባሏ ከአበረ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረች። ደጀን ሲደርሱ ደውላ «ዓባይ በረሃን ልንወርድ ነው፤ ዜማን አደራ» አለችኝ። ድምጿን ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም። ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት፣ ግን አልነቃችም።

አስከሬኗ ቁይ እስኪደርስ ለለቅሶው ፎቶዋን በትልቁ ላሳትም ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። አንደኛውን አጎላሁት። የነጠላዋ ጥለት ክሩ ይቆጠራል። ጉትቻዋ ያበራል። ዓይኖቿ ግን ጉም የለበሱ ናቸው። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ፎቶ ቤቴን ከውስጥ ቆልፌ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። አንድ ነገር ነው የለመነችኝ፤ ያውም የማውቀውን ሥራ።

ከሰባቱ የሚሻለውን አሳተምኩ። ለቅሶ ላይ ማንም ልብ አላለውም፤ እንባ ባዘለ ዓይን ሁሉም ነገር ፈዛዛ ነው። አበረ ቤት ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

ዘንድሮ ዜማ ስድስት ዓመት ሞላት። ባለፈው ሳምንት አባቷ ወደ ማርቆስ ይዟት መጥቶ እኔ ዘንድ አቆያት። ወንበሬን ተደግፋ ቆየችና «አጎቴ» አለችኝ፤ «እማዬ በፎቶው ለምን አታየኝም? እዚህ ብቆም አታየኝም፣ እዚያም ብቆም አታየኝም። አንተ አጥራው፤ ፎቶ አንሺ አይደለህ?»

የፈዘዘ ፊት አጠራለሁ የሚል ፕሮግራም እንዳለ ሰምቼ ነበር፤ እንደ ምንም ብዬ ፎቶውን ሰጠሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይኖች መጡ። ቅንድባቸው የተኳለ የመሰለ፣ ሽፋላቸው አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ቆንጆ ዓይኖች።

የኔአለም ግን አይደለችም። የእህቴ ግራ ዓይን ከቀኙ ያንስ ነበር፤ ስትስቅማ ጭራሽ ይከደናል። ይህ ማሽን ሁለቱንም እኩል አድርጎ ገጥሞላታል። ከየትኛዋ ሴት እንዳመጣቸው እንጃ። እናቴ ብትነሳ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ትል ነበር። ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ።

«አየችኝ!» አለች ዜማ ከኋላዬ።

መጥታ ስክሪኑ ፊት ቆመች። ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፤ ዓይኖቹ ተከተሏት። ከዚያ መዳፏን የፎቶው ጉንጭ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ እንዲህ ነበረች?»

ላጠፋው የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ። እውነቱን ብነግራት የምሰጣት ሌላ ዓይን የለኝም።

«አዎ» አልኳት፤ «ልክ እንዲህ ነበረች።»