ሁለቴ መታ ሲያደርገኝ ለቀቅኩት

ስሚ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፤ ግን እንዳትስቂብኝ። እሺ፣ ትንሽ ሳቂ። ክርኔ ላይ ያለውን ፋሻ አይተሽ "ውድድር ላይ ነው?" ስትይኝ ዝም ያልኩሽ በዚህ ምክንያት ነው።

አሎራ፣ እንግዲህ እማዬን ታውቂያታለሽ። አንዲት አሮጊት ጣልያናዊት ሲኞራ ቤት ነው የምትሠራው፤ ስታጥባት፣ ስታበላት፣ ስትለምናት ትውላለች። የራሷ የሆነው ሰዓት ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እሑድ እንደሆነ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሰው ቤት የሚሠሩት ሁሉ ሐሙስ ነው የሚወጡት። ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ሲኞራዎቻቸውን ሲያሙ ብትሰሚ በሳቅ ትሞቻለሽ። እማዬ ከዛ ስትመለስ ፊቷ ራሱ ሌላ ነው።

ባለፈው ወር ግን ወደዛው ስትሄድ አንዱ ቦርሳዋን ጎተተ። እሷ ደግሞ አልለቅም አለች፤ መሬት ለመሬት ጎትቷት ማንገቻው ሲበጠስ ይዞት ሮጠ። ጉልበቷ ዳነ፣ እሷ ግን ሐሙስ መውጣት ተወች። ካውያ አውጥታ ልብስ ትተኩሳለች፤ የተተኮሰውን መልሳ ትተኩሳለች። ጓደኛዋ ዓይናለም ስትደውልላት "ዛሬ ደክሞኛል" ትላታለች።

እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ጁጂትሱ የሚባለውን ትግል ስሠራ ከርሜ፣ ያው አንቺ "ምንጣፍ ላይ መተቃቀፍ" የምትይውን፣ የነሐስ ሜዳሊያ አንጠልጥዬ፣ ቁጭ ብዬ ልያት? እዚሁ ሰፈራችን ቶር ፒኛታራ፣ የምሠለጥንበት ፓሌስትራ ሄጄ አሰልጣኛችንን ሀምዛን ጠየቅኩት።

"ይሄ የምንሠራው መንገድ ላይ ይሠራል?"

"ግማሹ ይሠራል" አለኝ። "እዚህ ምንጣፍ አለ፣ ዳኛ አለ፣ የምትገጥሚው አንድ ሰው ነው። ውጪ መሬቱ አስፋልት ነው፣ ሰውዬው ደግሞ ጓደኛ ይኖረዋል። ውጪ ያንቺ ሥራ ማሸነፍ አይደለም፣ ተነስቶ መሮጥ ነው።"

እኔ የሰማሁት "ይሠራል" የምትለዋን ብቻ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋውን ገፋ አድርጌ እማዬን ማስተማር ጀመርኩ። እጇን ጨምድጄ ያዝኳት።

"በይ አስለቅቂኝ። በአውራ ጣቴ በኩል አዙረሽ ሳቢ።"

"አዞርኩ።"

"አላዞርሽም እማ፣ እያሻሸሽኝ ነው።"

"እጅሽ ቀዝቅዟል እኮ። ጓንትሽን የት ጣልሽው?"

"እማ፣ እኔ አሁን ሌባ ነኝ።"

"እሺ፣ ሌባዬ።" በጣቶቿ ጫፍ ገፋ አደረገችኝና ወዲያው "ይቅርታ፣ አመመሽ?"

ሌባን ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ምን ብለሽ ታስተምሪያታለሽ? "በቃ፣ ምንም አትማሪ። ሐሙስ እኔ አብሬሽ እወጣለሁ" አልኳት። ሶፋውን ወደ ቦታው መለሰች። ከዛ "ቫ ቤኔ፣ እሺ" አለች።

ሐሙስ ከትራም ስንወርድ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። መንገዱን ሳንሻገር አንድ ወጣት ከኋላ መጥቶ ቦርሳዋን ሳብ አደረገ። እኔ ምን ጠበቅኩ? እግሩን ጠለፍኩት፣ ተያይዘን ወደቅን፣ ጀርባው ላይ ተጠመጠምኩበት፣ ክንዴ አንገቱ ሥር ገባ። ክርኔ አስፋልቱ ላይ ሲላጥ ተሰምቶኛል፣ ግን ማን ግድ አለው፤ እያሸነፍኩ ነበር።

ከዛ ልጁ ክንዴን በመዳፉ መታ አደረገኝ። ሁለቴ።

እኛ ጋ ሁለቴ መታ ማለት "ተሸነፍኩ፣ ልቀቂኝ" ማለት ነው። ያኔውኑ ካልለቀቅሽ ነውር ነው፣ ከፓሌስትራም ያስወጡሻል። ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ መታ ሲያደርጉኝ ለቅቄያለሁ። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ለቀቀው። ይባስ ብሎ ተነስቼ፣ ግጥሚያ ሲያልቅ እንደምናደርገው፣ ልጨብጠው እጄን ዘረጋሁ። ሌባ ልጨብጥ። እሱ ምስኪን ትንፋሽ አጥቶ እንጂ የኛን ምልክት ከየት ያውቀዋል? እጄን አየ፣ እኔን አየ፣ ግራ ገባው።

ሁለተኛውን ያየችው እማዬ ናት። ለካ ጓደኛው ኋላዬ ቆሞ ኖሯል፣ እጁን ኪሱ ከቶ። እማዬ መሃላችን ገባች። ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችውና፣ ሲኞራዋን መድኃኒት ስታስውጥ በምታወራበት ድምፅ፣ በጣልያንኛ "ያዝ። በቃ። ሂዱ" አለችው። ሄዱ።

ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ክርኔ አሞኝ አይደለም። ከዛሬ በኋላ በቃ አትወጣም፣ ሐሙሷን ሙሉ ካውያ ይዛ ልትቆም ነው፣ ያውም በኔ ምክንያት ብዬ ነው።

"ይዤው ነበር እኮ እማ። ለቀቅኩት።"

"አየሁ።" በሻርፗ ጫፍ ክርኔን ትጠርጋለች። "ደግሞ ልትጨብጪው ነበር እንዴ?"

"አዎ።"

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ስቃ ስቃ ስትጨርስ ጉንጬን በመዳፏ ያዘች።

"ያን ቀን የጣለኝ አልለቅም ማለቴ ነው፣ ፅዮንዬ። ዛሬ ውስጡ ምን አለ? ጃንጥላና ሁለት ሎሚ። ፔርሜሶዬ እዚህ ነው" ብላ የመኖሪያ ፈቃዷን የደበቀችበትን ደረቷን አሳየችኝ። "ስሰጠው እኔ ነኝ የሰጠሁት። ይኸው ቆሜያለሁ፣ አንቺም ቆመሻል።"

"እና አሁን ቤት እንሂድ?"

"ምን ቤት? ዓይናለም እየጠበቀችኝ።"

ሄድን። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ሰጡን። እማዬ እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደያዘች ታሪኩን እየጨመረችበት ሦስቴ አወራችው፤ በሦስተኛው ላይ እኔ ሌባውን ምሳ ጋብዣለሁ።

ልምምድ ላይ ሁሌ አብራኝ የምትጣመር ልዕልቲ የምትባል ልጅ አለች። የሷም እናት ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ የእማዬን መዘረፍ ከሰማች ጀምሮ እሷም ሐሙስ ከቤት አትወጣም። ቅዳሜ ለልዕልቲ ሁሉንም ነገርኳትና እስክትስቅብኝ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ቀበቶዋን እያሰረች ያለችኝን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

"ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምትወጡት? እናቴን ይዣት እመጣለሁ።"