ከታች የተቀመጠችው

ካሎላይኔ ቪዲዮውን ለአራተኛ ጊዜ ወደ ኋላ መልሳ አቆመችውና አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። የታናሽ ወንድሟ የቪሊያሚ ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ አሉ፤ ኬኩ አለ፤ ከሁሉ ከፍ ባለው ወንበር ላይ የአባታቸው እህት አክስት ሜሊሴኒ ደረታቸውን ነፍተው ተቀምጠዋል። እናቷ ግን የለችም።

ከስክሪኑ የታችኛው ጫፍ ማራገቢያ የያዘች አንዲት እጅ ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች። እንደገና ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች። ያቺ እጅ የእናቷ ናት፤ የተቃጠለውን አውራ ጣቷን ካሎላይኔ የትም ብታየው ታውቀዋለች።

«እትዬ፣ እማዬ መጣች?» አለ ቪሊያሚ ከበረንዳው። የአምስት ልጆች አባት ነው፤ ግን በደሴቱ ወግ ወንድም እህቱ ካለችበት ክፍል ገብቶ ቴሌቪዥን ማየት ነውር ነውና ውጭ ሆኖ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ነው የሚያየው።

«አልመጣችም!»

«ቅድምም አልመጣችም አልሽ። መቼ ነው የምትመጣው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? ዝም በል አንተ ደግሞ!»

ባሕሩ ተነስቶ መንደሩን የጠረገ ጊዜ የእናታቸው ፎቶ አንድም አልተረፈም። እናትየው ራሷ ባለፈው ዓመት ሞተች። የቀረው ይህ የሠርግ ካሴት ብቻ ነበር፤ እሱም የተረፈው አክስት ሜሊሴኒ በሠርጉ ማግስት «ይሄ የእኔ ነው» ብለው ከተማ ቤታቸው ስለወሰዱት ነው። የአባት እህት ፋሁ፣ የቤተሰቡ ሁሉ የበላይ ናት፤ ፋሁ እጇን የዘረጋችበትን ነገር እምቢ የሚል ሰው በዚህ ደሴት አልተወለደም። ምንጣፍ ወስደዋል፣ አሳማ ወስደዋል፣ ካሴትም ወሰዱ። ካሎላይኔ ለምና ያስመለሰችው ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ከተማ ወስዳም ወደ ፍላሽ አስገለበጠችው።

«ምን ያንቆራጥጥሻል?» አሉ አክስት ሜሊሴኒ፤ ዛሬም ያለችውን ብቸኛ ደህና ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። «ቆንጆ ነው እኮ! አያችሁኝ እንዴት እንደሞላሁት? ከግድግዳ እስከ ግድግዳ!»

«አክስቴ፣ እናቴ እግርዎ ሥር ነበረች።»

«ነበረች፣ አልነበረች... የወጥ ቤት ሴት ካሜራ ፊት ምን ትሠራለች?»

ካሎላይኔ ደሟ ፈላ። በገዛ ልጇ ሠርግ ላይ! ሌሊቱን ሙሉ አሳማ ስትጠብስ፣ የጣሮ ሥር ስትልጥ አድራ፣ ጠዋት ደግሞ እኒህን ሴትዮ ስታራግብ የዋለች ሴት! ከዚያም ጥርጣሬ ገባት። ካሴቱ ሃያ ስድስት ዓመት ማን ቤት ነበር? አስቆርጠዋት ቢሆንስ? ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፋሁ ናቸውና መልሳ ዘጋችው። ጥርሷን ነክሳ ፍላሹን ከቴሌቪዥኑ ነቀለች።

«ወዴት ነው?» አሉ አክስት።

«ከተማ። እስክመለስ ምሳዎን ይብሉ።»

አውቶቡስ ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ሰላም ብትላት ካሎላይኔ አጸፋውን አልመለሰችም።

ፊሊሞኔ የድሮ ካሴት እየገለበጠ የሚኖር ቀጭን ሰው ነው። ደንበኛ ሲቆጣ ስለለመደ ካሎላይኔ በሩን በርግዳ ስትገባ ቀና እንኳ አላለም።

«እናቴን የት አደረስካት?»

«እናትሽን? እኔ?»

«እንዳትቀልድብኝ! ማን ቁረጥ አለህ? አክስቴ ናቸው አይደል? ተናገር!»

«ኧረ በስመ አብ! አክስትሽን ካየኋቸው ዓመት አልፎኛል።» ፍላሹን ተቀብሎ ሰካው፤ ትንሽ አየና ምላሱን ጠቅ አደረገ። «እህ፣ ይሄማ የተሞላው ነው።»

«የተሞላው ማለት ምንድነው?»

«እትዬ ካሎ፣ የድሮ ካሴት ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ነው። ያንቺ ቴሌቪዥን ደግሞ ጎኑ ረዥም። ጠባብ ምንጣፍ ሰፊ ክፍል ውስጥ ብታነጥፊ ግራና ቀኙ ባዶ ይቀራል አይደል? ያ ባዶ ነው ጥቁር ሆኖ የሚታየው። ሰው ይሄ አይገባውም፤ መጥቶ ይጮህብኛል፣ ግማሹን ምስል በላኸው ይለኛል። እኔ ምን ላድርግ? ብለጥጠው ሰው ሁሉ ያብጣል። ስለዚህ አጎላዋለሁ። ሲጎላ ግን ቁመቱ አይበቃም፤ ሩቡ ይቆረጣል።»

«ታዲያ ከላይ አትቆርጥም ነበር?»

ፊሊሞኔ አሁን ገና ቀና አለ። «ከላይ? ከላይ ያለው ራስ ነው! ያውም የሙሽራ ራስ፣ ያውም የአክስትሽ ራስ! የፋሁ ራስ ቆርጬ በዚህ ደሴት ልኑር? ነውር አይደለም እንዴ? ከታች ነው የቆረጥኩት። ከታች ያለው እግርና ወለል ነው ብዬ።»

«ወለል? ወለሉ ላይ ሰው የለም?»

ፊሊሞኔ ዓይኑን ከእሷ አነሳ። እንዲህ ያለ ሠርግ እሱም ቤት ነበር፤ የእሱም እናት የተቀመጠችው ወለል ላይ ነው።

«ደግሞ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሙላው ያልሺኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

የደንበኞች ትእዛዝ የሚጻፍበትን ደብተር ገልጦ አስጠጋላት። በገዛ እጇ ጽሑፍ፣ ፊርማዋ ከነጅራቱ፤ «አንድ ካሴት። ጥቁሩ ይውጣ። ስክሪኑን ይሙላ።»

ትዝ አላት። የወንድሟ ልጅ ከባሕር ማዶ ከኦክላንድ የላከላት ቴሌቪዥን በር የሚያህል ነው፤ ጎረቤት መጥቶ ሊያይ ነው፤ ግራና ቀኙ ጠቁሮ ቢያዩ ምን ይሉኛል ብላ ነበር። ለጎረቤት ዓይን ብላ! ያን ሁሉ መንገድ አክስቷን በሆዷ ስትሰድብ የመጣችው ሴት፣ እናቷን ያስቆረጠችው ራሷ ናት። አንገቷ ድረስ ተቃጠለች። ንዴቱ ግን አልበረደም፤ ማረፊያ አጥቶ ይብሱን ነደደ።

«ካሴቱን አምጣ።»

«ካሴቱ ሻግቶ ነበር። አንዴ ከገለበጥኩት በኋላ ማሽኑ ውስጥ ተበጣጠሰ።»

«ምን?!»

«ቆይ፣ ቆይ እትዬ! ሳይቆረጥ የገባው ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለ አለ። በየወሩ ነው የማጠፋው።»

«ወር አለፈው እኮ!»

«አለፈው» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ካሎላይኔ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። አንዱን ከፈተ፤ ጥምቀት ነው። ሌላውን ከፈተ፤ የራግቢ ጨዋታ። ሦስተኛውን ሲከፍት አሮጌው የሠርግ ሙዚቃ ጀመረ።

«ስንፍናዬ ጠቀመሽ» አለ ፊሊሞኔ።

ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። መሀሉ ላይ ግን ሁሉም አለ፤ አክስት ከላይ፣ እናቷ ከታች፣ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ። በቀኝ እጇ አክስትየውን ታራግባለች። በግራ እጇ፣ ማንም ሳያያት፣ ሙሽራው ልጇ እንደ ደሴቱ የክብር ልብስ ወግ ወገቡ ላይ የታጠቀውን ሰሌን ጫፍ ይዛለች። ትዳብሰዋለች፣ ትለቀዋለች፣ መልሳ ትይዘዋለች። ካሎላይኔ ፊቷን አዞረች።

«ሪሞትሽ ላይ ስክሪኑን የሚሞላ ቁልፍ አለ» አለ ፊሊሞኔ ፍላሹን ሲሰጣት። «እሱን ከነካሽው ያው ነው፣ እንደገና ትቆረጣለች።»

ቤት ስትደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። አክስት ሜሊሴኒ ከወንበሩ አልተነቃነቁም። ቪሊያሚም በረንዳው ላይ ነው። ፍላሹን ሰካችው።

«እንዴ!» አሉ አክስት። «ቴሌቪዥኑም ሐዘን ለበሰ? ይሄ ጥቁር ምንድነው?»

ካሎላይኔ ሪሞቱን እንደያዘች ቆመች። ቪሊያሚ ከውጭ በመስኮቱ አንገቱን አሰገገ።

«እትዬ... ሰሌኔን ይዛለች» አለ። «አላወቅኩም ነበር። እናቴን! እንዴት አላወቅኩም?»

«እኔ አንሻለሁ» አሉ አክስት። «ጠዋት ግድግዳውን ሞልቼ ነበር፣ አሁን ምን ሠራሽኝ? ሙዪው!»

«ከሞላሁት እናቴ ትቆረጣለች፣ አክስቴ።»

«ሙዪው አልኩሽ እኮ! ነው ወይስ እኔ ልሙላው? እስቲ ሪሞቱን አምጪ።» እጃቸውን ዘረጉ።

ያቺን የተዘረጋች እጅ ካሎላይኔ ዕድሜዋን ሙሉ ታውቃታለች። ለዚያች እጅ የእናቷን ምርጥ ምንጣፍ ሰጥታለች፣ እናቷም ስትሰጥ አይታለች፤ ዝም ብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ። በረንዳው ላይ ያለው ወንድሟ ጉሮሮውን ጠራረገ። 

ሪሞቱን ገለበጠችው። አክስቷ እያዩዋት፣ ዓይናቸው ውስጥ እያየች፣ የጀርባውን ክዳን በጥፍሯ ከፈተች። ሁለቱን ባትሪዎች አውጥታ ጡቷ ሥር ሸጎጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ባዶውን ሪሞት በሁለት እጇ አቀረበች።

«እንኩ፣ አክስቴ።»

አክስት ሜሊሴኒ ቁልፉን ተጫኑ። ደግመው ተጫኑ። ካሎላይኔ ከስክሪኑ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ቪዲዮውም ቀጠለ።