በማን ልክ የተሰፋ ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ ከመኪና አደጋው ከተረፈች ሰባተኛ ወሯ ነበር። አጥንቷ ገጥሟል፣ ቁስሏም ሽሯል፤ ቀኝ ትከሻዋ ግን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቀረ፣ ህመሙም አልለቀቃትም። ከትከሻዋ ተነስቶ በጀርባዋ በኩል እስከ ወገቧ ይወርድና ሌሊቱን ሙሉ ሲነዘንዛት ያድራል። በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ ትሄዳለች። ላስቲክ ትስባለች፣ ግድግዳውን በጣቶቿ ወደ ላይ ትቧጥጣለች። ቤት ስትገባ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ አቅም አይኖራትም።

«ሰነፈች እንዳትይኝ» አለቻት አብራት ለምትኖረው ታላቅ እህቷ።

«አንቺን ሰነፍ የሚል ምላሱ ይቆረጥ!»

አንድ ማክሰኞ ከሕክምና ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተዘረረች። እህቷ ሥራ ናት፤ በሩ ተቆልፏል። ዓይኗን እንደከደነች ከወዲያኛው ክፍል የስፌት ማሽኑ ሲሠራ ሰማች። ይሮጣል፣ ጥግ ላይ እንደደረሰ ሰው ቀስ ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ልትጮህ አሰበች፤ ከንፈሯ አልታዘዛትም። ህመሟ ግን ድምፁን አጥፍቶ ነበር። ከሰባት ወር ወዲህ እንዲያ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ስትነቃ ህመሙ እጥፍ ሆኖ ጠበቃት። እየተጎተተች ሄዳ ብታይ፣ ሳጥን ውስጥ የነበረው ሰማያዊ ጨርቅ በቀሚስ ቅርጽ ተቆርጦ አንድ ጎኑ ተሰፍቷል። ማሽኑን ነካችው። ይሞቃል።

ማን ያምነኛል ብላ ለእህቷም አልነገረቻትም። ሐሙስ እጅጌው ገባ። ቅዳሜ አንገቱ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እህቷ ሳይታሰብ በጊዜ መጣች። በሩን ከፍታ ስትገባ ታናሿ ማሽኑ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል፤ ሲኒ እንኳ አላነሳ ያለው ቀኝ እጇ ጨርቁን እንደ ውሃ ይነዳዋል።

«አንቺ! ምን ሆነሻል?»

«ትንሽ ነው የቀረኝ» አለች፣ ከአደጋው በፊት በነበረው በዚያ ፈጣን ድምፅ። «አትቀስቅሻት። ደክሟታል።»

የእህትየው ቦርሳ ከእጇ ወደቀ።

በማግስቱ ሁለቱም ፊዚዮቴራፒስቱ ፊት ተቀመጡ። ሰውየው ነገሩን አላጣጣለውም። «ህመሙ ሌሊት እንቅልፍሽን ይሸራርፈዋል» አላት። «ሰውነት ያጣውን እንቅልፍ ቀን ይሰርቃል፤ የለመደ እጅ ደግሞ ባለቤቱ ተኝታም ይሠራል። ያ ያደክምሻል፣ ድካሙ ህመሙን ያባብሰዋል፣ ህመሙ መልሶ እንቅልፍ ይነሳሻል። ስለዚህ ሳይደክምሽ በፊት እረፊ። ቀለል ባለሽ ቀንም ጉልበትሽን አሟጠሽ አትጨርሺ።»

«እሺ፣ አትቀስቅሻት ያለችኝስ ማን ናት?» አለች እህትየው።

ሰውየው ካርዱ ላይ መጻፉን ቀጠለ።

እህትየው የማሽኑን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ሥራ መዋል ጀመረች። ታናሿም አሥር ደቂቃ ትንቀሳቀሳለች፣ አሥር ደቂቃ ጋደም ትላለች፤ ልብ የሚያደርቅ ነገር ነው፣ ግን ያዘችው። በሁለተኛው ወር ሌሊቱን ሳትነቃ ማደር ለመደች። ህመሙ አልጠፋም፤ አብሮ እንደሚኖር አስቸጋሪ ዘመድ ሆነ።

ያኔ ነው ክፍሉን አስከፍታ ጠርዙ ብቻ የቀረውን ቀሚስ የለካችው። ወገቡ ልክክ አለ። ቀኝ ትከሻው ግን ባዶውን ቆመ። የተሰፋው ሁለቱም ትከሻዋ እኩል ለነበረችው ነው።

«እናቃጥለው» አለች እህቷ።

«ጨርቁ ምን አደረገ?»

የትከሻውን ስፌት መተርተር ጀመረች። እንደዚያ የጠበቀ ስፌት በዕድሜዋ ሰፍታ አታውቅም። ነቅታ፣ እህቷ እያየቻት፣ በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ እየሠራች በአሥራ አንደኛው ቀን በአሁኑ ልኳ ጨረሰችው፤ ለብሳውም ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በተዘጋ ክፍል ሮጦ አያውቅም። ብቻ በጣም በደከማት ቀን እህቷ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ትቆምና፣ «አንቺ ነሽ?» ትላታለች።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

እህቷም ድምፁን ደህና አድርጋ ሳታዳምጥ ከበሩ አትሄድም።