ለአቶ አውቃለሁ የተጻፈ የቫን መመሪያ

የመኪና ወንበር ሰፊዋ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ከባሏ አፍ አንድ ቃል ለመስማት እንደጓጓች ነው የኖረችው። የፍቅር ቃል እንዳይመስላችሁ፤ እሱንስ በሠርጓ ሰሞን ጠግባዋለች። የጓጓችለት «አላውቅም» የሚለውን ነው። ሰውዬው መንገድ ጠፍቶት በአንድ አደባባይ ሦስት ጊዜ እየዞረ አውቃለሁ ይላል። ሐኪም ስለ ገዛ ጉበቱ ሲነግረው አውቃለሁ ይላል። ሾርባው ይፋጃል ስትለው አውቃለሁ ብሎ ይጎነጭና ምላሱ ተልጦ ሳምንት ሙሉ እርጎ ሲጠጣ ይከርማል። የሥራ ባልደረቦቹ አቶ አውቃለሁ ብለው ስም ያወጡለት በከንቱ አልነበረም።

ከተፋቱ ስምንት ወራቸው ነው። ትዳሩ ሲፈርስ አላለቀሰችም። አንጀቷን ያሳረራት ቫኑ ነው። አሁን እየተጓዙ የሚያድሩበት ተንቀሳቃሽ ቤት ነው፤ ከዳቦ ማመላለሻነት ጡረታ ሲወጣ ግን ባዶ ቆርቆሮ ነበር። እሷ በሙያዋ ሰፊ ናት፤ መርፌና መሰርሰሪያ ከእጇ አይጠፋም። የአልጋውን ፍራሽ የሰፋችው፣ መጋረጃውን የሰቀለችው፣ የውሃ ቱቦውን የዘረጋችው፣ ጣራው ላይ ወጥታ ሶላሩን ያሰረችው እሷ ናት። እሱ ነድቷል፤ መንዳትስ ይችላል። ታዲያ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ሁለት ክረምት ፈጀብኝ እንጂ እንዲህ አድርጌ ሠራሁት» ሲል፣ እሷ አጠገቡ ሰሃን ይዛ ቆማ ትሰማለች። ሊብሬው በስሙ ስለነበረ ሲለያዩ ቫኑም ለእሱ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሚኒባስ ወንበር ገልብጣ የዛገ ሽቦ ስትነቅል ቀና ብትል፣ አቶ አውቃለሁ የሱቋ በር ላይ ቆሟል። ጫማው አዲስ ነው።

«ደህና ነሽ?»

«ምን ፈለግህ?»

«ሐሙስ ወደ ሐይቁ ልንወጣ ነው። አምስት ሌሊት እናድራለን። እኔና...» ጉሮሮውን ጠረገ። የመነጽር ቤቷን ሴት ማለቱ ነው። ለንባብ የሚሆን መነጽር ሊያሠራ ሄዶ ነው እዚያው የቀረው። የሰፊዋ ታናሽ እህት ወሬውን የሰማች ቀን፣ መነጽር ሊገዛ ሄዶ ታውሮ የተመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም ብላ እስኪያማት ስቃለች።

«ውጡ እንግዲህ። እኔ ምን ላድርጋችሁ?»

«እሷ በወረቀት የተጻፈ ነገር ትወዳለች። ስለ ውሃው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ማብሰያው ጥቂት ብትጽፊላት ብዬ ነው።»

«አንተ አታውቀውም?» አለችና ትንፋሿን ያዘች።

አቶ አውቃለሁ የገለበጠችውን ወንበር አየ፣ ግድግዳውን አየ። «ለመጻፍ ጊዜ ስለሌለኝ ነው እንጂ» አለ።

በዚያች ቅጽበት ነው ነገሩ የመጣላት። ነገ መጥተህ ውሰድ አለችው፤ ፈገግም አለችለት። ፈገግታዋን በደንብ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ሳይቀመጥ ሮጦ በወጣ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ እህቷ ስትመጣ ሰፊዋን ወረቀት ዘርግታ አገኘቻት። ነገሩን ስትሰማ ማንኪያዋን ጣለች።

«እትዬ፣ ጤነኛ ነሽ? ደግሞ ትጽፊለታለሽ? መጻፍሽ ካልቀረማ ውሸት ጻፊለት፤ ገደል ይግባ።»

«ውሸት ከጻፍኩለት እኮ ይሳካለታል።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እኔ የነገርኩትን እንደነገርኩት ሠርቶ አያውቅማ። አትንካ ያልኩትን ይነካል፣ ዝጋ ያልኩትን ይከፍታል። የሞተሩን ባትሪ ለቤቱ እንዳትጠቀምበት ስለው ማራገቢያውን ከእሱ ላይ ቀጥሎ የተኛ ዕለት ምን ሆንን?»

እህቷ አስታወሰች። ጠዋት ቫኑ አልነሳ ብሎ በትራክተር ተጎትተው ነው የወጡት። እሱ ደግሞ ለጎታቹ ገበሬ፣ ባትሪው ከፋብሪካው ጀምሮ ችግር እንዳለበት ያውቅ እንደነበር አስረድቷል።

«ስለዚህ እውነቱን ነው የምጽፍለት» አለች ሰፊዋ። «አንድ ሳይቀር። በሦስተኛው ቀን መብራት የለ፣ ውሃ የለ፣ ምስሩ ጥሬ። ያኔ በእሷ ፊት ይደውልልኛል። አላውቅም ሳይል አንድ ቃል ከእኔ አያገኝም።»

«ይበለው» አለች እህቷ፤ ማንኪያዋንም አነሳች።

ሰፊዋ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አሳምራ ጽፋ አታውቅም። ባቄላና ምስር ከቤት ስትነሱ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ዘፍዝፉ፤ መንገዱ እያናወጠ ያለሰልስላችኋል፣ ጋዙም በግማሽ ይቀንሳል። ክዳኑ የሚቆለፈውን የእንፋሎት ድስት ተጠቀሙ፤ ፈልቶ ሲያፏጭ እሳቱን አጥፍታችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ የቀረውን ራሱ ያበስለዋል። ቫኑን ፀሐይ ላይ አቁሙት፤ ጥላ የሚያስፈልገው ለእናንተ እንጂ ለሶላሩ አይደለም። አቧራውን በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። ፍሪጁን ቀድሞ የቀዘቀዘ ነገር ሞልታችሁ ውጡ፣ ትኩስ ድስት አታስገቡበት። የጸጉር ማድረቂያና የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ እንዳትሰኩ። ስልክ ቀን ላይ ሙሉ፤ ሲመሽ መብራት ብቻ። ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ። የመጠጥ ውሃ በጀሪካን ለብቻው ይሁን። ሰሃን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ፣ ከዚያ በአንድ ሳፋ ይለቅለቅ። ለአንድ ሰው በቀን አሥር ሊትር ይበቃል፤ ቧንቧ ከፍቶ ጥርሱን የሚቦርሽ ሰው ካለ ግን ሐይቁም አይበቃም። ይህቺን የመጨረሻዋን የጻፈችው ለአቶ አውቃለሁ ጥርስ ነው።

ስለ ጋዙ አደጋ ግን አንድ መስመር አልጻፈችም። መስኮት ክፈት ብትለው እንደሚዘጋ ታውቃለች። ለዚህ ጠባዩ ብላ ገና ቫኑ ሲሠራ ከምድጃው ሥር ወለሉን፣ ከምድጃው በላይ ጣራውን በስታ፣ ማንም ሊዘጋው የማይችል ወንፊት ገጥማበታለች። ልታዋርደው እንጂ ልትቀብረው አልፈለገችም። ቀብሮ ለቀስተኛ ማስተናገድ ሌላ ሥራ ነው።

ከዚህ ውጭ፣ ለእህቷ አንድ ሳይቀር ብትላትም፣ ሳይደውል እንዳይቀር ብላ በሆዷ ያስቀረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የውሃው ጋን ቱቦ የሚወጣው ከግራ ጥጉ ነበር፤ ስትሠራው ሌላ ቦታ አጥታ ነው። ቫኑ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ውሃው በሙሉ ቀኝ ጥግ ይተኛል፣ መለኪያው ግማሽ አለ ይላል፣ ፓምፑ ግን አየር ይስባል። መድኃኒቱ ሁለት ጣውላ ነው፤ በቀኝ ጎማዎቹ ሥር አስገብቶ ቫኑን ማቅናት። ስድስት ዓመት ሙሉ በደረሱበት ሁሉ፣ እሱ ወርዶ ወገቡን ሲያፍታታ እሷ ጣውላውን ሥር ታስገባለች። ምንድን ነው ብሎ አንድም ቀን አልጠየቃትም። መቀመጫ ይመስለው ነበር።

ሐሙስ ሄዱ። ሰፊዋ ስልኳን ስፌት መኪናው ላይ፣ ከክሩ ጎን አስቀመጠች። ዓርብ አልጮኸም። ቅዳሜም አልጮኸም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል፤ እሷ ግን ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ዓይኗን ጨፍና ሞከረችው። «ባትሪው ይውረድ» ከማለት የዘለለ ቃል ስላልመጣላት ተወችው። እሑድ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ የታክሲ ወንበር ልባስ ስትዘረጋ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አታውቀውም።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ የሴት ድምፅ። «ከቫኑ ነው የምደውልልዎት። ይቅርታ፣ በሰንበት አስቸገርኩዎት።»

የመነጽር ቤቷ ናት። አንቱ ስትላት ሰፊዋ እድሜዋ ባንዴ በአሥር ዓመት የጨመረ መሰላት።

«ምን ሆናችሁ?» አለች፤ ደስታዋ በድምፅዋ እንዳይታወቅ እየተጠነቀቀች።

«ምንም አልሆንን። መጀመሪያ ላመሰግንዎት ነው። ወረቀቱን ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፈነዋል። ምስሩን እንዳሉት ዘፍዝፈን ብንነሳ ስንደርስ ቅቤ ሆኖ ጠበቀን። ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የሚያስተኛው እሱ ነው፤ እንደ ሕፃን ነው የሚያቅፈው። ሶላሩንም በየጠዋቱ ይወለውላል። ባትሪው ሙሉ ነው።»

ሰፊዋ የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች። «እሱ?»

«እሱ ነው እንጂ። ውሃውንም በቀን አሥር አሥር ሊትር እየለካን ነው።»

«አውቃለሁ አላለሽም?»

ሴትዮዋ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻል ነበር። «ምኑን ያውቃል ብለው ነው? ገና ስንተዋወቅ ነው የነገረኝ። 'መንዳት ነው እንጂ የዚያን ቫን ውስጡን እኔ አላውቅም፣ ሁሉንም የሠራችው እሷ ናት' አለኝ።»

ሰፊዋ ልባሱ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት እሷ ደጅ የጠናችውን ቃል፣ ይህቺ በመጀመሪያው ሻይ ላይ፣ ሳትጠይቀው፣ በነፃ ወሰደችው። የያዛት ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣችለትም።

«አሁን የደወልኩት ግን» አለች ሴትዮዋ «ዛሬ ከዛፉ ሥር ወጥተን ዳገቱ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለን ቆምን፣ ሶላሩ ፀሐይ እንዲያገኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃው እምቢ አለ። መለኪያው ግማሽ አለ ይላል፤ ፓምፑ ይጮኻል፤ ቧንቧው ያስለዋል እንጂ ጠብ አይልም። ጸጉሬ ሳሙና እንደሆነ ነው። ከወረቀቱ ላይ ብንፈልግ አጣነው። ምን ይሆን?»

ሁለት ጣውላ። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከጥልቁ የመኪናው ሆድ ፓምፑ ሲያላዝን በስልኩ ይሰማታል፤ ራሷ የገጠመችው ፓምፕ ነው።

«እሱን ስጪኝ» አለች።

ጥቂት መንኮሻኮሽ ተሰማ። «እ» አለ አቶ አውቃለሁ።

«ውሃው እምቢ አለ አሉ።»

«ይስተካከላል።»

«ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ፓምፑ ይጮኻል።

«ስማ» አለች ሰፊዋ፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ለሰለሰ። «ለእሷ እንዳልካት ለእኔም በለኝ። አላውቅም በለኝ። አሁኑኑ እነግርሃለሁ፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።»

ትንፋሹ ይሰማታል። አንድ ጊዜ አፉን የከፈተ መሰላት። እንዲላት ከልቧ ፈለገች፤ ቢላት ሁሉንም ትተውለት ነበር፣ ቫኑንም ጭምር።

«አውቃለሁ» አለ።

«ካወቅህማ ተገላገልኩ» ብላ ዘጋችው።

ወዲያው እንደገና ጮኸ። ሴትዮዋ ናት። «ምን አሉት? ምንም አልነገረኝም...»

«ጠይቂው፣ የኔ እህት። አውቃለሁ ብሎኛል።» ይህንን ብላ ስልኩን አጥፍታ ከስፖንጅ ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ወረወረችው። ሳቅ ያዛት። ሁለት ሰው በሳሙና ጸጉርና በቆሸሸ ሰሃን መካከል ቁጭ ብለው፣ ክንድ በማታህል ርቀት ላይ አርባ ሊትር ውሃ ተኝቶባቸው! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ልባሱን እያፏጨች ቆረጠችው፤ በኋላ ስትለካው አራት ጣት አሳጥራ ቆርጣው ኖሮ ጨርቁ ተበላሸ።

ማግስቱን ከሰዓት በኋላ እህቷ እያለከለከች ገባች። ወሬው እስከ በሩ ድረስ እንኳን አልጠበቀላትም።

«ተመለሱ፣ እትዬ። አንድ ቀን ቀድመው ተመለሱ። ቫኑ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። ውሃ በሌለበት ፓምፑን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጮኸው አድሮ አቃጥሎታል። መካኒኩ ሲያስረዳው እሱ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ ይላል፤ በጆሮዬ ሰማሁት። ሴትዮዋ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ዞር ብላ ቆማለች። አታናግረውም።»

«ይበለው» አለች ሰፊዋ፤ ከመርፌው ቀና ሳትል።

«ምነው ቀዘቀዝሽ? እኔ ጭፈራ ጠብቄ ነው የሮጥኩት።» እህቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በይ ዋናውን ንገሪኝ። ደውሎ የለ? አላውቅም አለ ወይስ አላለም?»

«አለ።»

እህቷ እጇን ልታጨበጭብ አነሳች። «በመጨረሻ! አለሽ?»

«ለእኔ አይደለም። ለእሷ ነው ያላት፣ ገና በተዋወቁ ሰሞን።» ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ለካስ እሱንም ቃል ያውቀው ኖሯል፤ ለእኔ ሲሆን ነበር የሚጠፋበት።»