ለመወንጨፊያው የተገዛ ማር

ልጄ ትዝታ እኔን «አንቺ» ትለኛለች፤ የፊዚክስ መምህሯን «እርስዎ» ትላታለች። ወግ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከጥምቀት ወዲህ «እርስዎ» ስትል ድምፅዋ ይለሰልሳል፤ «አንቺ» የምትለኝ ደግሞ በር ላይ ቆማ፣ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ልትወጣ ስትል ነው።

ስሜ እታገኘሁ ነው። ላሊበላ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ባለው መንገድ ዳር ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ። ከትዝታ ሌላ ልጅ የለኝም፤ አባቷ የሞተው እሷ ገና ዳዴ ስትል ነው። ስለዚህ ቀናሁ ብል ማንም አይፍረድብኝ። ቀንቻለሁ፤ አንጀቴ እስኪያር ቀንቻለሁ።

መምህርቷ የትናየት ትባላለች፣ የፍላቂት ከተማ ልጅ ናት። ባሏን ፈትታ መጥታ፣ እዚህ ላሊበላ ቤት ተከራይታ ለብቻዋ ትኖራለች፤ ልጅ አልወለደችም። ለተማሪዎቿ «የተወነጨፈ ነገር የት እንደሚወድቅ በገዛ እጃችሁ ትለካላችሁ» ብላ መወንጨፊያ አሠራቻቸው። አንድ ጣውላ ተገኘ፤ መሐሉ ላይ ቦይ ተፈለፈለ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ችካል ተመታ፤ በችካሎቹ መሐል የባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ተወጠረ። የገና ጨዋታ የእንጨት ሩር ቦዩ ላይ ያስቀምጡና ላስቲኩን ስበው ይለቁታል። ጣውላውን አንዴ ቀና፣ አንዴ ዘንበል እያደረጉ የትኛው አርቆ እንደሚጥል በሜትር ይለካሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«እማ፣ ቲቸር እንዳሉት በአርባ አምስት ዲግሪ ነው አርቆ የሚሄደው! ደሞ ሠላሳና ስልሳ እኮ አንድ ቦታ ነው የሚጥሉት። አንዱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ አንዱ ሽቅብ ወጥቶ ይመለሳል፣ መውደቂያቸው ግን አንድ!»

«እንጀራሽን ብዪ» አልኳት። እኔ ስንት ነገር ስነግራት እንዲህ ዓይኗ በርቶ አያውቅም።

ሑዳዴ በገባ በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አጠገቤ የምትሸጠው ብርቅዬ መጣችና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«ልጅሽና መምህሯ ማር ሲገዙ አየኋቸው። ከነሰፈፉ። ይዘውት በአሸተን መንገድ ወጡ።»

«ማር?»

«ማር። እኔ ምን አውቄ» አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እሷም እኔም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር።

እኛ አገር ልጅ የሌለው ሰው የሰው ልጅ ሲወድ፣ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ በምስክር ፊት ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ነው፤ ያወርሰዋል፣ ልጁም ጧሪ ቀባሪው ይሆናል። ግን ወላጅ ይጠየቃል! እኔን ማን ጠየቀኝ?

ዕቃዬን ለብርቅዬ ትቼ ዳገቱን ተያያዝኩት። ነጠላዬ ቢወድቅም አላነሣሁትም። የራሷን ትውለድ፣ እላለሁ፤ ያላማጠች የት ታውቃለች፣ እላለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከአሸተን ማርያም ሥር ካለው ሜዳ ስደርስ ተማሪዎቹ ጣውላውን ከበዋል። የትናየት ተንበርክካለች፤ እጇ በማር ወዝቷል። ልጄ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ አውራ ጣት ትልሳለች። የራሷን ይሁን የማን፣ ማየት አልቻልኩም።

«ልጄን በማር ልትሰርቂኝ ነው?» ብዬ ጮኽኩ። «ዘጠኝ ወር የተሸከምኳትን! በይ አጥቢያታ! ይኸው ምስክሩም ሞልቷል፣ ፊቴ አጥቢያት!»

ላስቲኩን ስቦ የያዘው ተማሪ ደንግጦ ለቀቀው። ሩሩ በአናታችን ላይ አልፎ ገደል ገባ።

የትናየት ቀስ ብላ ተነሣች። «እትዬ እታገኘሁ፣ ማሩን የገዛነው ሰሙን ፈልገን ነው» አለች። «ሩሩ ቦዩ ላይ እየተያዘ አስቸገረን። ጾም ነው፣ ቅቤ በየቤቱ የለም። ጧፍ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እንዴት አድርጌ ጣውላ ልሽበት? ማሩን ልጆቹ ላሱት።»

ቦዩን አየሁት። በሰም ተወልውሎ ያብረቀርቃል። የሁሉም ልጆች ከንፈር በማር ወዝቷል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስቄ ቀልድ ላስመስለው ስል ግን የትናየትን አየኋት። እኔን አታይም። የምታየው ልጄን ነው። ያልኩትን ነገር ከዚያች ቀን በፊት ለራሷ እንኳ ለማሰብ አልደፈረችም መሰለኝ።

ትዝታም እሷን አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ» አለችኝ፣ «ይቻላል እንዴ?»

«ምኑ?»

«አሁን ያልሽው። አንቺ እሺ ካልሽ… ይቻላል?»

የትናየት ማር የነካ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ማሩ አለ፣ ምስክሩ አለ፤ የጎደለው ወላጅ ብቻ ነበር፣ እሱንም ዳገት ወጥቼ ያመጣሁላቸው እኔው ነኝ።